ከኋላ የሚያንኳኳው ማነው? የአንድ አሮጌ ፒክአፕ የፍሬን ድምፅ ጉዳይ ጥናት

«ፍሬን ስይዝ አንድ ሰው ከኋላ በር ያንኳኳል» አሉኝ የመኪናው ባለቤት፣ ገና ሞተሩን ሳያጠፉ። ዕድሜያቸው ከአባቴ ጋር የሚቀራረብ፣ የመኪናቸውን መሪ ለማንም የማያስጨብጡ ሰው ናቸው። ወርደው ጎማውን በእግራቸው ነካ ካደረጉ በኋላ ቀጠሉ፦ «ሸራው አዲስ ነው፤ ታምቡሩም ቶርኖ ገብቶ ተስተካክሏል። እንግዲህ ምን ቀረ ልጄ?»

ፒክአፑ ከ25 ዓመት በላይ አገልግሏል። ከፊት ዲስክ ፍሬን፣ ከኋላ ታምቡር ፍሬን አለው፤ ታምቡሩ ከጎማው ጋር የሚዞር ከበሮ መሰል ብረት ሲሆን፣ ፍሬን ሲያዝ ሸራው ከውስጥ ይጫነዋል። የኋላው አካል በባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ሞላ) ላይ የተቀመጠ ነው፤ የእጅ ፍሬኑም በገመድ የሚስበው የኋላ ሸራዎቹን ነው። ወደ እኔ ከመምጣቱ ከሁለት ሳምንት በፊት የኋላ ፍሬኑ ሌላ ቦታ ተሠርቷል። ያኔ የነበረው ችግር ግልጽ ነበር፤ ሸራው አልቆ ብረት ብረትን ይፍቅ ስለነበር ሸራዎቹ ተቀየሩ፣ የተቧጠጡት ታምቡሮች ደግሞ በቶርኖ (ብረት እያዞረ በሚልግ ማሽን) ተላጉ። የመፋቁ ድምፅ በዚያው ዕለት ጠፋ፤ በምትኩ ኳኳታው መጣ። «ሸራው ሲላመድ ይጠፋል» ተብለው ሁለት ሳምንት ጠበቁ። አልጠፋም።

ይህን ጉዳይ የምጽፈው ስላስቸገረኝ ብቻ አይደለም። በሥራዬ ከሁሉ አብልጬ የማምነው ፈተና እዚህ ላይ ፊት ለፊት ዋሽቶኝ ስለነበር ነው። የዋሸበትም ምክንያት ከገባኝ በኋላ ፈተናውን መውቀስ አልቻልኩም፤ ጥያቄውን አሳስቼ የጠየቅኩት እኔ ነበርኩ።

ከመፍታት በፊት

ሰው ስለ ፍሬን ሲያወራ ድምፁን ሁሉ «ይጮኻል» ብሎ ያልፈዋል። ለሠራተኛ ግን የድምፁ ዓይነት ግማሽ መልስ ነው። ሲጢጥ የሚለው ቀጭን ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ ከንዝረት ይወለዳል፤ ሸራው ታምቡሩን ሲነካ ሁለቱም እንደ ክራር ክር ይርገበገባሉ። የማያቋርጥ መፋቅ ብረት ከብረት መገናኘቱን፣ ወይም በታምቡሩና ከበስተጀርባው ባለው የብረት ሳህን መካከል ጠጠር መግባቱን ይናገራል። ፍሬን በተያዘ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ገጭ ብሎ ዝም የሚለው የላላ ነገር ቦታውን ሲለውጥ ነው፤ ያረጀ የባሌስትራ ጎማ ወይም ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ብሎን ሲላላ እንዲህ ያደርጋል። የኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ተሸካሚ) ድምፅ ደግሞ ጉርምርምታ ነው፤ ፍሬን ተያዘም አልተያዘም ይሰማል፣ መኪናው ሲታጠፍ ይለዋወጣል።

የእኚህ ሰው መኪና ድምፅ ከእነዚህ አንዱንም አይመስልም። አጠገባቸው ተቀምጬ አብረን ስንነዳው፣ በሰዓት ከ15 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት የፍሬኑን ፔዳል በስሱ ሲነኩት ቋ... ቋ... ቋ... ይል ጀመር። ፍጥነቱ ሲቀንስ የኳኳታው ልዩነትም ይሰፋል። ፔዳሉን ጠንከር አድርገው ሲረግጡት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል ወይም ጭራሽ አይሰማም፤ እግራቸውን ከፔዳሉ ሲያነሱ ፀጥ ይላል። ሞቀም ቀዘቀዘም ለውጥ የለውም። ጭነት ስንጭንበት ድምፁ ትንሽ ቀድሞ ይመጣ ነበር፤ ይህም የሚጠበቅ ነው። በዚህ መኪና ላይ ወደ ኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት በጭነቱ ልክ የሚመጥን ቫልቭ ከአክስሉ ጋር በዘንግ ተያይዟል፤ ባዶ ሲሆን የኋላው ፍሬን የሚሠራው በጥቂቱ ነው።

የጭነት ሳጥኑ ጆሮን ያሳስታል። ባዶ የብረት ሳጥን ከበሮ ነው፤ ከሥሩ የተነሣውን ድምፅ ተቀብሎ ከየትኛውም ጥግ መልሶ ያሰማዋል። ስለዚህ «ከኋላ ነው» የሚለውን የባለቤቱን ቃል ከመቀበሌ በፊት በእጅ ፍሬኑ አረጋገጥኩ። ሰው በሌለበት ደልዳላ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ እየሄድን የእጅ ፍሬኑን እንዳይቆለፍ ቁልፉን ተጭኜ በስሱ ስስበው ያው ኳኳታ መጣ። የእጅ ፍሬኑ የፊት ዲስኮቹን ስለማይነካ፣ የፊቱ ፍሬን ከነዘይት መስመሩ በዚህ አንድ ሙከራ ከተጠርጣሪነት ወጣ። ረዳቴ ከጎን እየሮጠ «የቀኙ ነው! የቀኙ!» አለ። በኋላ ቦታ ተለዋውጠን እኔም ሰማሁት፤ ከቀኝ የኋላ ጎማ ነው።

አንድ ሙከራ ጨመርኩ። በቀኙ ጎማ ጎን ላይ በጠመኔ ወፍራም መስመር አሰመርኩና በእግር ጉዞ ፍጥነት እየተነዳ ድምፁ ሲወጣ መስመሩ የት እንዳለ ተመለከትኩ። ታምቡሩ ሞላላ ሆኖ ወይም አንድ ቦታ ላይ አብጦ ቢሆን ኖሮ፣ ኳኳታው በእያንዳንዱ ዙር መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይመጣ ነበር። አልሆነም። አንዴ መስመሩ ከላይ ሲሆን፣ አንዴ ከታች ሲሆን፣ ሌላ ጊዜ መሀል ላይ ይመታል። በአማካይ በሦስት ዙር አንድ ጊዜ ነው፤ አልፎ አልፎ በሁለት ዙር ተኩል፣ አልፎ አልፎ ወደ አራት ሲጠጋ። ይህንን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር መኪናው 2.30 ሜትር እንደሚሄድም ለክቼ ከጎኑ አስቀመጥኩ። ነገር ግን ከጎማው ዙር ጋር የማይገጥም ድምፅ ምን ሊሆን እንደሚችል ራሴን ሳልጠይቅ ክሪክ ማምጣት ላይ ተጣደፍኩ። እዚያ ላይ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብዬ ባስብ አንድ ሙሉ ቀን ይተርፈኝ ነበር።

ሲከፈት

የፊት ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላ በግንድ አግደን፣ መኪናውን በክሪክ አንሥተን በብረት መቆሚያ ላይ አሳረፍነው፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጄን አላስገባም። የእጅ ፍሬኑን ለቀቅን፣ ዳዶዎቹን ፈተን ጎማዎቹን አወረድን። አሮጌ ታምቡር በመዶሻ ካልተደበደበ የማይወጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በዚህ ዓይነቱ ታምቡር ላይ ግን ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ባዶ ቀዳዳዎች አሉ፤ ልካቸው የሆኑ ብሎኖችን እያፈራረቁ ሲያጠብቁባቸው ታምቡሩ ራሱ እየገፋ ይወጣል። የተሰነጠቀ ታምቡር ያየሁት ሁሉ ይህን ቀዳዳ ያላየ ሰው የደበደበው ነበር።

አቧራውን በአየር አላስነፋሁም። በቆየ መኪና ውስጥ ያለ የሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ሳንባ የሚጎዳ ነገር ነው። በፍሬን ማጠቢያ ፈሳሽ አርሰን ከታች ባለ ሳህን ላይ ተቀበልነው።

ውስጡ ንጹሕ ነበር ማለት ይቻላል። የሸራው ውፍረት በሁለቱም በኩል 5 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ሸራዎቹን የሚገፋው ሲሊንደር የአቧራ መከላከያ ጎማውን ገልበጥ አድርጌ ሳየው ደረቅ ነው፤ ከአክስሉ ጫፍም የዲፈረንሻል ዘይት አልወጣም። መላሽ ሞላዎቹ ቦታቸው ላይ ናቸው። ታምቡሮቹን በውስጥ መለኪያ ስለካቸው ቀኙ 255.2፣ ግራው 255.1 ሚሊ ሜትር ሆኑ። ሲሠሩ 254 ነበሩ፤ የሚፈቀደው ትልቁ ልክ 256 እንደሆነ ብረቱ ላይ በቀረጻ ተጽፏል። ሞላላነትም አላገኘሁባቸውም። የውስጥ ገጻቸው አዲስ ተላግቶ ያብረቀርቃል፤ በጥፍሬ ስነካው ስስ መስመሮች አሉበት። ለረዳቴ «እንደ ሙዚቃ ሸክላ ያምራል» ያልኩት ትዝ ይለኛል። መልሱን በአፌ ተናግሬ አልፌዋለሁ።

ያገኘሁት ብቸኛ ጉድለት ከበስተጀርባው ሳህን ላይ ነበር። ሸራ የተለጠፈበት ግማሽ ክብ ብረት በአየር ላይ አይንሳፈፍም፤ ጎኑን ሳህኑ ላይ ከፍ ብለው በተሠሩ ትናንሽ ማረፊያዎች ላይ ያስደግፋል። በአንድ ጎማ ላይ እነዚህ ማረፊያዎች ስድስት ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ሸራ ሦስት ሦስት። ፍሬን ሲያዝና ሲለቀቅ ብረቱ በእነሱ ላይ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ትንሽ ግራሶ ያስፈልጋቸዋል። በቀኙ ጎማ ላይ ስድስቱም ደርቀዋል፤ ሁለቱ ደግሞ ጥፍር የሚያስገባ ጉድጓድ አውጥተዋል። ሸራው ጉድጓዱ ውስጥ ተይዞ በድንገት ሲለቅ ቋ ሊል እንደሚችል የታወቀ ነው። ጥርጣሬዬን እዚያ ላይ አሳረፍኩ።

የማምነው ፈተና

ሳህኑን ከመንካቴ በፊት ግን የዘወትር ልማዴን አደረግኩ። ከሁለት ተመሳሳይ ዕቃ የትኛው እንደበደለ ሲጠፋኝ አቀያይራቸዋለሁ፤ የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ። ድምፁ ዕቃውን ተከትሎ ከሄደ ዕቃው ነው። ቦታው ላይ ከቀረ ሌላ ነገር ነው። ለማብሪያ ሻማ፣ ለኢንጄክተር፣ ለጎማ፣ ለማንኛውም ነገር ሠርቶልኛል። ታምቡሮቹን አቀያየርኩ፣ ሸራውን አስተካከልኩ፣ ወጣን።

ድምፁ ከቀኝ ነው። እንደ ትናንቱ፣ በሦስት ዙር አንድ።

«ታምቡሩ ነጻ ነው» አልኩ። ታምቡሮቹን ወደየቦታቸው መለስኳቸውና ወደ ሳህኑ ሄድኩ። ጉድጓዶቹን በብየዳ ሞልቼ በሞረድ አስተካከልኳቸው፣ ስድስቱንም ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ በስሱ ቀባኋቸው። ግራሶ እዚህ ቦታ ላይ እንደ ሽቶ ነው፤ ከበዛና ሸራው ላይ ከደረሰ ሌላ ችግር ይወልዳል። ሸራዎቹን ከሳህኑ ጋር አስጠግተው የሚይዙትን ትናንሽ ሞላዎችም በአዲስ ቀየርኩ፤ የድሮዎቹ ደክመው ነበር።

ድምፁ ቀነሰ። በጣም አሳሳች የሆነው ነገር ይህ ነበር። ቋ የሚለው የታፈነ ቱክ ሆነ። ባለቤቱም «ተሻሽሏል፣ እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለው ቁልፋቸውን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። ብሰጣቸው ኖሮ ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር፤ ግራሶው ሲደርቅ ደግሞ ይመለሱ ነበር። ዜማው እንዳልተለወጠ ግን ሰምቼ ነበር። የተለወጠው የምቱ ጥንካሬ ነው፤ አሁንም በሦስት ዙር አንድ ነው። ድምፅ የሚያሰማውን ነገር ካስተካከልኩ መቁጠሪያውም መቀየር ነበረበት።

«አባባ፣ አንድ ቀን ይጨምሩልኝ» አልኳቸው።

«ቀነሰ አይደል እንዴ?»

«ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።»

ያንን ቀን በከንቱ አባከንኩት። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች አጠበቅኩ፣ የባሌስትራ ጎማዎቹን በብረት ዘንግ እያነቃነቅኩ አየሁ፣ ኩሽኔታውን ጎማውን ይዤ እያወዛወዝኩ ፈተሽኩ፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ከሻንሲው ጋር እንዳይጋጭ ተመለከትኩ። ማንኛቸውም ጥፋት አልነበረባቸውም። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣና ተደጋግሞ የሚመታ ድምፅ ከእነዚህ ከአንዱም እንደማይመጣ ጠዋት ራሴ ነበርኩ የተናገርኩት።

ወደ ኋላ

ማታ ላይ መኪናውን ወደ ማደሪያው ላስገባው ወደ ኋላ እየነዳሁ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ግንቡ በግራዬ ቅርብ ነው፣ ፍሬኑን በስሱ ይዤዋለሁ። ቱክ... ቱክ... ከግራ።

መጀመሪያ ግንቡን ጠረጠርኩ፤ የገደል ማሚቶ ይሆናል አልኩ። መኪናውን አውጥቼ ሜዳ ላይ ረዳቴን በየተራ በሁለቱም በኩል አቆምኩት። ወደ ፊት ስሄድ ቀኙ ያንኳኳል፣ ግራው ዝም ነው። ወደ ኋላ ስሄድ ግራው ያንኳኳል፣ ቀኙ ዝም ነው። አምስት ጊዜ ደጋገምነው፤ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም።

ይህን ሲሰማ ረዳቴ «ሁለቱም ተበላሽተዋል ማለት ነው» አለ። ለእኔ ግን የተለየ ነገር ሆኖ ታየኝ። አንድ ዓይነት ጥፋት በሁለቱም ጎማ ላይ አለ፤ የትኛው እንደሚናገር የሚወስነው የመዞሪያው አቅጣጫ ነው። በፍሬን ውስጥ አቅጣጫን የሚያውቅ ምን አለ? ማጥበቂያው አለ። ሸራው ሲያልቅ ወደ ታምቡሩ የሚያስጠጋው ማጥበቂያ ብሎን በዚህ መኪና ላይ በአንዱ ጎን ቀኝ ጥርስ (ወደ ቀኝ ሲዞር የሚጠብቅ)፣ በሌላው ጎን ግራ ጥርስ ነው፤ ተቀያይሮ ከተገጠመ እያጠበቀ ሳይሆን እያላላ ይሄዳል። ሁለቱን ፈትቼ በመዳፌ ላይ አስቀመጥኳቸው። በየቦታቸው ነበሩ፣ ጥፋት የለባቸውም። ዓይኔ ግን ከጥርሳቸው ላይ አልነሣ አለ። ጥርስ። ብሎን። ሸክላ።

ሸክላ ላይ ያሉት መስመሮች ክብ ይመስላሉ እንጂ አንድ ረጅም ጥምዝ መስመር ናቸው፤ መርፌው ማንም ሳይገፋው ከዳር ወደ መሀል የሚጓዘው ለዚህ ነው። ታምቡሩም እንደዚያው ነው። ቶርኖ ላይ ታምቡሩ ሲዞር ቢላው በአንድ አቅጣጫ እየተራመደ ይልገዋል። እርምጃው ደቃቅ ከሆነ ገጹ ለስላሳ ይሆናል፤ እርምጃው ሰፊ ከሆነ ግን የተላገው ገጽ ሳይሆን ጥርስ ነው። ታምቡሩ ትልቅ ዳዶ ይሆናል፣ ሸራው ደግሞ ብሎን።

በዚያው ሌሊት ስስ ወረቀት ታምቡሩ ውስጥ ለጥፌ በእርሳስ ጎን ፈገፈግኩበት። መስመሮቹ ወረቀቱ ላይ ወጡ። በ10 ሚሊ ሜትር ውስጥ 25 ቆጠርኩ፤ ስለዚህ ቢላው በአንድ ዙር የተራመደው 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ለሻካራው የመጀመሪያ ዙር ይህ ያስኬዳል። ለመጨረሻው ማለስለሻ ግን ከ0.15 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ቀጥሎ ወስፌ አነሣሁ። ታምቡሩን ክፍቱን ወደ ላይ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና የወስፌውን ጫፍ ሳልጫነው መስመሩ ላይ አሳረፍኩ። ታምቡሩን ከላይ ሲታይ በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ አዞርኩት፤ ቀኙ ጎማ ወደ ፊት ሲሄድ ከውስጥ በኩል ሲታይ የሚዞረው እንዲህ ነው። ወስፌው ቀስ እያለ ወደ ታች፣ ወደ ተዘጋው ፊት ወረደ። ይህ ማለት ሸራው ከሳህኑ እየራቀ ወደ ውጭ ይሳባል ማለት ነው። በተቃራኒው ሳዞረው ወስፌው ወደ ላይ ወጣ፤ ሸራው ወደ ሳህኑ ይገፋል ማለት ነው። ሁለተኛውን ታምቡር አስቀመጥኩ። አንድ ዓይነት።

ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመ። ቀኙ ጎማ ወደ ፊት ሲዞር ጥርሱ ሸራውን ከማረፊያዎቹ ላይ አንሥቶ ወደ ውጭ ይስበዋል። ትንሹ ሞላ እየተወጠረ ይታገሣል፤ ትዕግሥቱ ሲያልቅ ሸራውን መልሶ ከሳህኑ ጋር ያጋጨዋል። ቋ። ከዚያ ጉዞው እንደገና ይጀመራል። በአንድ ዙር 0.4፣ በሦስት ዙር 1.2 ሚሊ ሜትር፤ ደብተሬ ላይ ያለው ቁጥር ይህ ነበር። ከጠመኔው መስመር ጋር ያልገጠመውም ሞላው የሚለቅበት ጊዜ በዙር ስለማይወሰን ነው። ግራው ጎማ በዚያው ጊዜ ሸራውን ወደ ሳህኑ ስለሚገፋው የሚሄድበት ቦታ የለውም፣ ዝም ይላል። ወደ ኋላ ሲነዳ ሚናቸው ይለዋወጣል። ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ ደግሞ መኪናው ሦስት ዙር ሳይሞላ ይቆማል፤ ሸራውም በጥንካሬ ስለሚጣበቅ እንደልቡ አይንሸራተትም። ግራሶውና አዲሶቹ ሞላዎች ድምፁን ያለሰለሱት ድምፁን የሚያሰማውን ግጭት ስላበረዱት እንጂ ጉዞውን ስላቆሙት አይደለም።

የማቀያየሩ ፈተናስ? የጥርስ አቅጣጫ ከየትኛውም ጎን ቢታይ አይለወጥም። ቀኝ ጥርስ ያለው ዳዶ ተገልብጦም ቀኝ ጥርስ ነው። ሁለቱ ታምቡሮች በአንድ ቶርኖ፣ በአንድ አቅጣጫ ስለተላጉ ሁለቱም ቀኝ ጥርስ ነበራቸው። የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ ሳደርግ አንዱን ጥፋት በራሱ መንትያ ነው የተካሁት። ድምፁ ከቀኝ ጎን አልተንቀሳቀሰም፤ እኔ ደግሞ ጥፋተኛውን በምስክርነት አሰናበትኩት። ማቀያየር የሚያገለግለው ከሁለቱ አንዱ ጤነኛ መሆኑ ሲታወቅ ብቻ ነው። ይህን እያወቅኩ ነበር የረሳሁት።

ማረጋገጫና ጥገና

ሐሳቡ እንዲህ ስላማረኝ ብቻ ታምቡር ቶርኖ ቤት ልልክ አልፈለግኩም። አንዴ ተታልያለሁ። ስለዚህ ቀድሜ ትንቢት ጻፍኩ፦ የቀኙን ታምቡር ብቻ ባለ 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይዤ መስመሮቹን አግድም እየቆረጥኩ ባሻክረው፣ ወደ ፊት ሲነዳ ኳኳታው ይጠፋል፤ ያልነካሁት ግራው ግን ወደ ኋላ ሲነዳ ማንኳኳቱን ይቀጥላል። ጠዋት ሃያ ደቂቃ ያህል አሻሸሁት፣ ገጠምነው፣ ወጣን። ወደ ፊት ፀጥታ። ወደ ኋላ ቱክ፣ ቱክ፣ ከግራ።

ረዳቴ የጻፍኩትን አንብቦ «ይኸ ጥንቆላ ነው» አለ።

ብዙዎች እዚህ ላይ «ተወው፣ በራሱ ይለሰልሳል» ይላሉ፤ ሐሰትም አይደለም። ሸራው እያለሰለሰው ሲሄድ እንዲህ ያለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ እየደከመ ይጠፋል። እኔ ያልተውኩት በሁለት ምክንያት ነው። ሸራዎቹን ገልብጬ ሳያቸው የታምቡሩ ጥርስ ተገላቢጦሽ ሆኖ ታትሞባቸዋል፤ እርስ በርስ ተናክሰው ነበር። በተጨማሪም የተወጠሩት ሞላዎች በየቀኑ ደጋግመው ሲለጠጡ እንዲከርሙ ማድረግ ደስ አላለኝም። ሞላ ከተበጠሰ ታምቡር ውስጥ የሚሽከረከር ቁራጭ ብረት ይሆናል።

ሁለቱንም ታምቡሮች ቶርኖ ቤት ወሰድኳቸው። ወረቀቱን ለባለሙያው ሳሳየው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አድርጎ ጥቂት አየው፤ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገውም። የመጨረሻውን ዙር በ0.1 ሚሊ ሜትር እርምጃ፣ ከየጎኑ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ እያነሣ ላገው። ንዝረት እንዳይፈጠር በታምቡሩ ዙሪያ የጎማ ቀበቶ አሰረበት። ሳይወርድ፣ እየዞረ ሳለ፣ በብርጭቆ ወረቀት አቅጣጫ የሌለው ሻካራነት አለበሰው። ቀኙ 255.4፣ ግራው 255.3 ሆነው ወጡ። እስከ ገደቡ ለቀኙ 0.6 ሚሊ ሜትር ይቀረዋል፤ ከዚያ ያለፈ ታምቡር ሙቀት መሸከም ስለማይችልና ሲሊንደሩም ከልኩ በላይ ስለሚወጣ ይጣላል እንጂ አይላግም።

ታምቡር ከቶርኖ ሲመጣ የብረት ብናኝ በገጹ ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀራል። በቤንዚን መጥረግ አያወጣውም፤ በሙቅ ውሃና ሳሙና በብሩሽ ታጥቦ ነጭ ጨርቅ ሲጠረግበት ጨርቁ እስኪነጻ ድረስ ነው የሚደጋገመው። እኛ አራት ጊዜ አጠብናቸው። የሸራዎቹን ገጽ በስሱ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩና የታተመባቸው ጥርስ ጠፋ። የግራውን ሳህን ማረፊያዎችም ግራሶ ቀባሁ። ማጥበቂያዎቹን በየጎናቸው ገጠምኩ፤ ታምቡሩ በእጅ ሲዞር ሸራውን ለስለስ አድርጎ ሲነካ እስኪሰማ ድረስ አጠበቅኩ፤ በመጨረሻ የእጅ ፍሬኑን ገመድ አስተካከልኩ። የገመዱ ቅደም ተከተል የመጨረሻ ነው፤ ሸራው ሳይስተካከል ገመድ የሚወጥር ሰው ያልተለቀቀ ፍሬን ይዞ ይሄዳል።

ባዶውን፣ ከዚያም ጭነን፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም፣ በስሱም በኃይልም ሞከርነው። ምንም የለም። አንድ ነገር ብቻ ለባለቤቱ አስቀድሜ ነገርኳቸው፦ ዝናብ ያደረበት ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፍሬኖች ሲይዙ ስስ የመፋቅ ድምፅ ሊሰማ ይችላል፤ ብረቱ ሌሊቱን ያወጣው ቀላል ዝገት ነው፣ ሸራው ራሱ ይጠርገዋል።

እሳቸው ግን የእኔን ቃል ይዘው የሚሄዱ ሰው አይደሉም። መስኮቱን ከፍተው ሜዳውን አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ፣ አንገታቸውን ወጣ አድርገው እያዳመጡ ዞሩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለፍተሻ ሲመጡ የቀኙን ታምቡር ከፈትኩ፤ ሸራው ከዳር እስከ ዳር እኩል ነክቷል፣ የታምቡሩ ገጽ ግራጫና ለስላሳ ሆኗል፣ የወስፌው ጫፍም ባሳረፍኩበት ቦታ ቀረ። ስገጥመው አጠገቤ ቆመው ነበር።

«ፍሬኑስ እሺ» አሉኝ፣ «አሁን ደግሞ የጭነት ሳጥኑ የኋላ መዝጊያ እንደሚያንኳኳ ሰማሁ።»

መዝጊያውን በእጄ ነቅነቅ አደረግኩት። ከማጠፊያዎቹ በአንዱ ላይ ብሎን አልነበረም።